ረቡዕ የሚገባው ገንዘብ፦ ከጋብቻ በፊት የሄድንበት የጥቅማ ጥቅም ምክር አገልግሎት ግምገማ

ይህ ግምገማ በአሜሪካ ውስጥ የአካል ጉዳት ክፍያ ለሚያገኙ ሰዎችና ለቤተሰቦቻቸው ያለ ዋጋ ምክር በሚሰጥ አንድ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ላይ የተጻፈ ነው። እኔና እጮኛዬ እ.ኤ.አ. በ2025 የጸደይና የበጋ ወራት ሦስት ጊዜ ተመላልሰንበታል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም፤ እጮኛዬ ታሪኩን እንድጽፍ ፈቅዶልኛል፣ ማንነቱ እንዲታወቅ ግን አይፈልግም፣ የድርጅቱ ስም ከተጠራ ደግሞ በአካባቢያችን ያለው የሐበሻ ማኅበረሰብ እነማን እንደሆንን ለመለየት አይቸገርም። በችግሩ ውስጥ ሳለሁ በአማርኛ በዝርዝር የተጻፈ ነገር ፈልጌ ያገኘሁት እጅግ ጥቂት ስለነበረ፣ አገልግሎቱ ምን እንደሚሠራ፣ በምን እንደረዳንና ምን እንደጎደለው በሚገባ ለመግለጽ እሞክራለሁ።

ነገሩ የጀመረው በቤት ኪራይ ማመልከቻ ነው። ሽማግሌ ተልኮ፣ የሠርጉ ቀን ተቆርጦ፣ ከሠርጉ በኋላ የምንገባበትን አፓርታማ ለመያዝ ስናመለክት አከራዩ የሁለታችንንም የሁለት ወር የባንክ መግለጫ ጠየቀ። እጮኛዬ የራሱን በስልክ ላከልኝ፤ ከእኔው ጋር አያይዤ ለማስገባት ስከፍተው ከደመወዙ መስመሮች መካከል የማላውቀው ገቢ አየሁ። «ኤስኤስኤ ትሬስ 310» ይላል፣ ቀጥሎም ሶሻል ሴኩሪቲ የሚለው በአሕጽሮት ተጽፏል፣ መጠኑ 1,312 ዶላር ነው። በሚቀጥለው ወር ገጽ ላይም ያው መስመር ከነቁጥሩ ነበረ። የመጀመሪያው የሶሻል ሴኩሪቲ (የአሜሪካ መንግሥት የጡረታና የአካል ጉዳት መድን) አስተዳደር መሥሪያ ቤት ስም፣ ሁለተኛው ደግሞ የግምጃ ቤቱ ምኅጻር መሆኑን ፈልጌ ካነበብሁ በኋላ፣ በ29 ዓመቱ ጡረታ የሚወጣ ሰው እንደሌለ አስቤ፣ ይህ የአካል ጉዳት ክፍያ እንደሆነ ገባኝ።

እጮኛዬ ከ9 ዓመቱ ጀምሮ የሚጥል በሽታ እንዳለበት አውቃለሁ። መድኃኒቱን በየጠዋቱና በየማታው ሲወስድ አይቻለሁ፣ ሁለት ጊዜም ሲጥለው አጠገቡ ነበርሁ። ያልነገረኝ ሕመሙን ሳይሆን ገንዘቡን ነው። በአንድ መጋዘን ውስጥ በሳምንት ጥቂት ቀን ይሠራል፤ አለቃው ተጨማሪ ሰዓት ሲሰጠው ደጋግሞ እምቢ ይል ስለነበር ይህ በመካከላችን የቅሬታ ምንጭ ሆኖ ቆይቷል። ለሠርግ ገንዘብ በምናጠራቅምበት ወቅት ሥራ ሲገኝ የሚመልስ ሰው ለትዳር ምን ያህል ተዘጋጅቷል ብዬ በልቤ ጠይቄያለሁ፣ አንድ ቀንም በቃሌ ተናግሬዋለሁ። መግለጫውን ባየሁበት ምሽት ግን ስለ ሰዓቱ አላሰብሁም። ያሰብሁት በሦስት ዓመት ውስጥ በየወሩ ወደ ባንክ የገባ ገንዘብ አንድም ቀን በወሬያችን መካከል አለመነሣቱን ነበር።

ወደዚህ ድርጅት ከመምጣታችን በፊት ሌላ ቦታ ሄደናል። በክፍያ የቅድመ ጋብቻ ምክር የሚሰጡ ባለሙያ ነበሩ፤ ጉዳዩን እንደሰሙ «የአካል ጉዳት ክፍያ በትዳር አይነካም» ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘጉትና የቀረውን ሰዓት ሁሉ ስለ መተማመን አወያዩን። ስለ መተማመን የተናገሩት ክፉ አልነበረም። ነገር ግን የትኛው ክፍያ እንደሆነ አልጠየቁም፣ አንዲት ወረቀትም እናምጣ አላሉም፣ የሰጡት መልስም በኋላ እንደተረዳነው ለእኛ ጉዳይ የተሳሳተ ነበር። በዚያ ምክር ተማምነን ብንጋባ ኖሮ እጮኛዬ በአንድ ወር ውስጥ ከገቢው የሚበልጠውን ክፍልና የጤና መድኑን አብሮ ያጣ ነበር። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለአጠቃላይ የትዳር አማካሪ ብቻ መተው የለበትም የምለው ከዚህ ልምድ ተነሥቼ ነው።

የድርጅቱ የመጀመሪያ ቀጠሮ የተሰጠን ከሁለት ሳምንት ጥበቃ በኋላ ነው። አማካሪያችን በዕድሜ ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ ከጠረጴዛው ማዶ ሳይሆን ከጎናችን ተቀመጡና መጀመሪያ ለእጮኛዬ «እጮኛዎ ባሉበት ስለ ክፍያዎ እንድንነጋገር ይፈቅዳሉ?» አሉት። እሱ በአፉ እሺ ካለ በኋላም ፈቃዱን በጽሑፍ አስፈረሙት። እኔ የመጣሁት እንደተበደለ ሰው ነበርና ፈቃድ መጠየቁ በመጀመሪያ ቅር አሰኝቶኛል። አሁን ሳስበው ግን ትክክል ነበሩ፤ ክፍያው የሱ ነው፣ መዝገቡም የሱ ነው፣ እኔም ገና ሚስቱ አልነበርሁም።

ከዚያ በኋላ የጠየቁት ጥያቄ ለዚህ አገልግሎት ያለኝን ግምት ከፍ ያደረገው ነው። «ለምን ደበቅህ» አላሉትም፣ «ስንት ታገኛለህ» ብለውም አልጀመሩም። «ገንዘቡ የሚገባው በምን ቀን ነው?» አሉት። ረቡዕ ነው አለ። «ስንተኛው ረቡዕ?» አሉ። የወሩ ሁለተኛው ረቡዕ ነው አለ። «የተወለድኸውስ በስንት ቀን ነው?» በ24። አማካሪዋ ብዕራቸውን አስቀምጠው «እንግዲያው ይህ ክፍያ በራስህ የሥራ መዝገብ ላይ የሚከፈል አይደለም፤ አባትህ በሕይወት አሉ?» ብለው ጠየቁት። እጮኛዬ አንገቱን ደፋ። አባቱ የሞቱት እሱ የ16 ዓመት ልጅ ሳለ ነው፣ የተወለዱትም ከወሩ በ6ኛው ቀን ነበር።

አሠራሩን እንደሚከተለው አስረዱን። ለድሆች የሚሰጠው ኤስኤስአይ የሚባለው ድጎማ በመደበኛነት የሚገባው ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ነው። በሥራ መዋጮ ላይ የተመሠረተው የሶሻል ሴኩሪቲ ክፍያ ግን፣ ከ1997 ወዲህ ለጀመሩ አብዛኞቹ ተከፋዮች፣ በረቡዕ ይገባል፤ ስንተኛው ረቡዕ እንደሚሆን የሚወስነው መዋጮውን የከፈለው ሠራተኛ የተወለደበት ቀን ነው። ከ1 እስከ 10 ለተወለደ ሁለተኛው፣ ከ11 እስከ 20 ለተወለደ ሦስተኛው፣ ከዚያ በኋላ ለተወለደ አራተኛው ረቡዕ ይሆናል። ገንዘቡ በእጮኛዬ የራሱ መዋጮ የመጣ ቢሆን ኖሮ በአራተኛው ረቡዕ ይገባ ነበር። በሁለተኛው ረቡዕ መግባቱ ከሌላ ሰው መዝገብ፣ ማለትም ከአባቱ መዝገብ እንደሚመጣ አመለከተ። ወረቀት ሳይገለጥ፣ በሦስት ጥያቄ፣ የምንነጋገረው ስለ የትኛው ክፍያ እንደሆነ ታወቀ። በእርግጥ በዚህ ብቻ አልተወሰኑም፤ ማረጋገጫውን በኋላ በሰነድ አስመጥተዋል።

ስለዚህ ጉዳይ ሐበሾች ስንነጋገር ሁሉንም በአንድ ስም «ዲስአቢሊቲ ይወስዳል» እንላለን፣ ግራ መጋባቱም ከዚያ ይጀምራል። አማካሪያችን ከሁሉ አስቀድመው የለዩልን ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ነው። አንደኛው ሰው ራሱ ሠርቶ፣ መዋጮ ከፍሎ፣ ከዚያ መሥራት ሲያቅተው የሚያገኘው ኤስኤስዲአይ የሚባለው ነው፤ ይህ ቢያገባም አይቀነስም፣ የትዳር ጓደኛው ሀብታም ቢሆንም አይነካም። የመጀመሪያው ባለሙያ ያሰቡት ይህንን ነበር። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በጥር 1974 የተጀመረው ኤስኤስአይ ነው፤ ይህ ገቢና ንብረት አይቶ የሚሰጥ በመሆኑ ጋብቻ በቀጥታ ይነካዋል። ነጠላ ሰው ከ2,000 ዶላር፣ ባልና ሚስት ደግሞ ከ3,000 ዶላር በላይ ተቆጣሪ ንብረት ሊኖራቸው አይችልም፣ እነዚህ ጣሪያዎችም ከ1989 ጀምሮ አልተነሡም። የሚኖሩበት ቤትና አንድ መኪና በዚህ አይቆጠሩም። የትዳር ጓደኛ ደመወዝ ግን በከፊል እንደ ተከፋዩ ገቢ ይታሰባል። ሁለቱም ኤስኤስአይ የሚያገኙ ከሆነ ደግሞ በ2025 የእያንዳንዳቸው የፌዴራል ከፍተኛ መጠን 967 ዶላር ሆኖ ሳለ፣ ሲጋቡ በአንድ ላይ 1,450 ዶላር ብቻ ይሆን ነበር፤ ለየብቻ ቢሆኑ ከሚያገኙት 484 ዶላር ይጎድል ነበር።

ሦስተኛው የእኛ ነው። ከ22 ዓመቱ በፊት የአካል ጉዳት የደረሰበት ሰው፣ ወላጁ ሲሞት ወይም ጡረታ ሲወጣ ወይም ራሱ ወላጁ በአካል ጉዳት ክፍያ ሲያገኝ፣ በወላጁ መዝገብ ላይ እንደ ልጅ ተቆጥሮ ዕድሜውን ሙሉ ሊከፈለው ይችላል። ወላጁ ከሞተ ሟቹ ሊያገኝ ይገባው ከነበረው እስከ 75 በመቶ ይደርሳል። ይህ ክፍያ ኤስኤስአይን አይመስልም፤ የባንክ ተቀማጭን አይቆጥርም፣ የእኔንም ደመወዝ አይጠይቅም። ነገር ግን ተከፋዩ ሲያገባ ይቋረጣል። ሙሽራዋ ራሷ ከተወሰኑት የሶሻል ሴኩሪቲ ክፍያዎች አንዱን የምታገኝ ከሆነች ይቀጥላል፤ ኤስኤስአይ ብቻ ማግኘት ግን ለዚህ አይበቃም። እኔ ከነዚህ ክፍያዎች አንዱንም አላገኝም፣ በሙሉ ጊዜ የምሠራ ሰው ነኝ። ከክፍያው ጋር የተያያዘው ሜዲኬር የተባለው የጤና መድንም አብሮ ይቆማል። ትዳሩ ኋላ ቢፈርስም በአጠቃላይ ፍቺ ክፍያውን አይመልሰውም፤ ጋብቻው ከመነሻው እንዳልነበረ ተቆጥሮ ሲሰረዝ ግን የተለየ ነው።

ይህን ስሰማ የተሰማኝ ቁጣ ወደ እጮኛዬ ያነጣጠረ አልነበረም። አንድ ሰው ያለ ጥፋቱ በልጅነቱ ታሞ፣ አባቱም ዕድሜ ልካቸውን ከደመወዛቸው እየተቆረጠ ከፍለውለት ሳለ፣ ያ ሁሉ በጋብቻ ፊርማ ለምን እንደሚቋረጥ ጠየቅሁ። አማካሪዋ መልሱን ከታሪኩ አመጡት። ለአካል ጉዳተኞች ክፍያ እንዲሰጥ በሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ ላይ የተጨመረው በ1956 ነው፣ በወላጅ መዝገብ የሚከፈለውም በዚያው ጊዜ ገባ፤ በመጀመሪያ ጉዳቱ ከ18 ዓመት በፊት የጀመረ መሆን ነበረበት፣ በ1972 በወጣው ማሻሻያ ወደ 22 ከፍ አለ። ሕጉ ተከፋዩን የሚያየው በወላጁ የሚተዳደር ልጅ አድርጎ ነው፤ ካገባ ደግሞ መተዳደሪያው የትዳር ጓደኛው ነው ብሎ ይነሣል። ይህን ለመለወጥ የካሊፎርኒያው ተመራጭ ጂሚ ፓኔታ በ2022 ረቂቅ ሕግ ለአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አቅርበዋል። አማካሪዋ በረቂቅ ላይ ተስፋ ጥላችሁ ቀን አትቁረጡ ብለው አሳሰቡን፣ እኔም ለሌሎች የምለው ይህንኑ ነው።

ስለ ዝምታው የተነጋገርነው በዚሁ ቀጠሮ መጨረሻ ላይ ነው፣ ከሕጉ በኋላ። የአገልግሎቱ ትልቁ ጥበብ በዚህ ቅደም ተከተል ላይ ይመስለኛል። ያለ ሕጉ ብንጀምር ኖሮ እኔ «ለምን ዋሸኸኝ» እል ነበር፣ እሱም መከላከያ ይፈልግ ነበር። ሕጉ ከተነገረ በኋላ ግን ጥያቄዬ ሳይጠየቅ ግማሹ ተመለሰ። እጮኛዬ የሚያውቀው «ካገባህ ይቆማል» የሚለውን አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ ዝርዝሩን አያውቅም፣ ማንንም አልጠየቀም። ቢነግረኝ ሁለት ነገር አንዱ ይሆናል ብሎ ፈርቷል፦ ወይ እኔ ሠርጉን እተዋለሁ፣ ወይ ስለ እኔ ብሎ ገቢውን እንዳጣ ዕድሜ ልኬን ይከብደኛል። መግለጫውን ሲልክልኝም ያለ መጠንቀቅ እንዳልላከው ያን ቀን ተናገረ። «ገጹን መቁረጥ እችል ነበር፤ አልቆረጥሁትም፤ በአፌ ማለት ስላቃተኝ ራስሽ እንድታዪው ብዬ ነው» አለኝ።

ስለ ተጨማሪ ሰዓቱም የገባኝ እዚያው ወንበር ላይ ነው። ክፍያውን የሚያገኝ ሰው ከሥራ የሚያገኘው ገንዘብ ከተወሰነ መጠን ካለፈ እንደ አካል ጉዳተኛ መቆጠሩ ሊያበቃ ይችላል፤ ዓይነ ስውር ላልሆነ ሰው ይህ መጠን በ2025 በወር 1,620 ዶላር ነበር፣ የሚታየውም ግብር ከመቆረጡ በፊት ያለው ደመወዝ ነው። ሥራን ለመሞከር የሚፈቀዱ 9 ወራትም አሉ፣ እጮኛዬ ግን ስለነሱ ሰምቶ አያውቅም ነበር። ሰዓት የሚመልሰው በወር መጨረሻ ደመወዙን እያሰላ፣ ሳያውቀው መስመሩን እንዳያልፍ እየፈራ ነበር። አማካሪዋ ቁጥሩን በወረቀት ሲጽፉ ፊቱን አየሁት፤ ስድስት ዓመት ብቻውን በልቡ ሲያሰላ የኖረውን ቁጥር ሌላ ሰው ጮክ ብሎ ሲናገረው የሰማ ሰው ፊት ነበር። በቃሌ ስለ ተናገርሁት ነገር ይቅርታ የጠየቅሁት በመኪና ውስጥ ስንመለስ ነው። እሱም ስለ ሦስቱ ዓመት ዝምታ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ያም ተገቢ ነበር፣ ሕጉ ፍርሃቱን ቢያስረዳም እንኳ እኔ ሳላውቅ ልፈርም የነበረውን ነገር ቀላል አያደርገውም።

በመጀመሪያውና በሁለተኛው ቀጠሮ መካከል ድርጅቱ ከሶሻል ሴኩሪቲ አንድ ሰነድ አስመጣልን። ተከፋዩ ሲፈርም ያለ ክፍያ የሚሰጥ ነው፤ የክፍያውን ዓይነት፣ መጠኑን፣ የሜዲኬሩን መነሻ ቀን፣ የሥራ መሞከሪያ ወራቱ ስንቱ እንደተቆጠሩና በየዓመቱ የተመዘገበውን ደመወዝ በአንድ ላይ ያሳያል። የባንክ መግለጫና የክፍያ ማረጋገጫ ደብዳቤ መጠኑን ይናገራሉ እንጂ ለእንዲህ ያለ ውሳኔ አይበቁም። ይህን ሰነድ ሳይመለከት ስለ ጋብቻ መልስ የሚሰጥ አማካሪ ካጋጠማችሁ መልሱን በጥርጣሬ እንድትቀበሉት እመክራለሁ።

በሁለተኛው ቀጠሮ የእጮኛዬ እናት አብረውን መጡ፤ ወረቀቶቹን ከጥንት ጀምሮ የያዙት እሳቸው ናቸው። አንድ አረንጓዴ የወረቀት ማኅደር ይዘው ነበር፣ ውስጡም በየዓመቱ መጨረሻ ስለ ክፍያው ጭማሪ የተላኩ ደብዳቤዎች በቅደም ተከተል ተደርድረዋል። ከሁሉ በታች እጮኛዬ 18 ዓመት ሲሞላው የመጣው የውሳኔ ደብዳቤ ነበር፤ አራት ላይ ታጥፎ እጥፋቱ ሊቀደድ ደርሷል። አማካሪዋ ዘርግተው በሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ መስመር አሳዩን፤ ለውጥ ሲኖር ለመሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ እንደሚገባ ይዘረዝራል፣ በዝርዝሩም ውስጥ ጋብቻ አለ። እናቱ በአስተርጓሚ በኩል ሰምተው ዝም አሉ፣ ከዚያም በአማርኛ፣ ለእኔ፣ «ይህንን ያን ጊዜም አንብበውልኝ ነበር፤ ልጄ ያገባል ብዬ አላሰብሁም ነበርና አጣጥፌ አስቀመጥሁት» አሉኝ። አስተርጓሚው ይህን ወደ እንግሊዝኛ ሲመልስ አማካሪዋ ምንም አልጻፉም፣ ወደ ሚቀጥለው ጉዳይም አልሮጡም፤ እናቱ እንባቸውን እስኪጠርጉ ጠበቁ። ከሁሉም ቀጠሮዎች እኔ አብልጬ የማስታውሰው ይህን ነው።

ያገኘነው መንገድ ከደመወዝ መዝገቡ ውስጥ የወጣ ነው። እጮኛዬ ለስድስት ዓመት በጥቂት ሰዓትም ቢሆን ሳያቋርጥ ሠርቷል። በሶሻል ሴኩሪቲ አሠራር በ2025 በእያንዳንዱ 1,810 ዶላር ደመወዝ አንድ የሥራ ነጥብ ይገኝ ነበር፣ በዓመት ከአራት አይበልጥም፤ ባለፉት ዓመታት መጠኑ ከዚህም ዝቅ ያለ ስለነበር የሱ መዝገብ 24 ነጥብ ያሳያል። ዕድሜው ከ31 በታች ለሆነ ሰው የሚጠየቀው ነጥብ ለሌሎች ከሚጠየቀው ያነሰ ነው። ስለዚህ በአባቱ ሳይሆን በራሱ መዝገብ ላይ ኤስኤስዲአይ ለማመልከት የሚያበቃው ይመስላል፣ ያ ክፍያ ደግሞ በጋብቻ አይቋረጥም። መጠኑ ከአባቱ መዝገብ ከሚመጣው እንደሚያንስ በግልጽ ነግረውናል፤ ውሳኔውም የመሥሪያ ቤቱ እንጂ የድርጅቱ አለመሆኑን ደጋግመው ተናግረዋል። እኔ ለትክክለኛ አማካሪ ምልክት የማደርገው ይህን ጥንቃቄ ነው።

አንድ ዘመድ «በቤተ ክርስቲያን ብቻ ተጋቡ፣ የመንግሥቱን ወረቀት ተዉት» ብሎን ስለነበር ይህንንም ጠየቅን። አማካሪዋ አልተቆጡም፣ አልተሳለቁም። ለኤስኤስአይ ከሆነ አብረው እየኖሩ ለሰው ሁሉ ባልና ሚስት ነን የሚሉ ሰዎች ፈቃድ ባያወጡም እንደተጋቡ ሊቆጠሩ እንደሚችሉ፣ በወላጅ መዝገብ ላለው ክፍያ ደግሞ ወሳኙ ጋብቻው በምትኖሩበት ግዛት ሕግ የሚጸና መሆን አለመሆኑ እንደሆነ፣ ይህም ከግዛት ግዛት ስለሚለያይ ጠበቃ ሳይጠየቅ በግምት እንዳይደረግ አስረዱ። ሳያሳውቁ ተጋብቶ ክፍያውን መቀበል ከቀጠለ መሥሪያ ቤቱ ያለ አግባብ የተከፈለውን ሁሉ መልሶ ይጠይቃል። እናቱ ይህን ሲሰሙ ማኅደሩን ዘጉ፣ ነገሩም በዚያው ተዘጋ።

ስለ ጤና መድኑ ብዙ አልቆየንም፣ ምክንያቱም ለእኛ ቀላሉ ክፍል እሱ ነበር። በመሥሪያ ቤቴ መድን አለኝ፤ ጋብቻ የትዳር ጓደኛን ለማስገባት የተለየ የምዝገባ ጊዜ ይከፍታል፣ ጊዜውም ቢያንስ 30 ቀን ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት አንድ ቀን እንኳ መቋረጥ ስለሌለበት፣ የመድን ዝርዝሩ የሱን መድኃኒት መሸፈኑን አስቀድሜ እንዳረጋግጥ አሳሰቡኝ፣ እኔም አረጋገጥሁ።

አሁን ጉድለቶቹን ልናገር። ትልቁ ጉድለት የአስተርጓሚ ጉዳይ ነው። ድርጅቱ አስተርጓሚ በስልክ ያቀርባል፣ ይህ መልካም ነው፤ የመጀመሪያው አስተርጓሚ ግን የእጮኛዬን ክፍያ «ጡረታ»፣ ኤስኤስአይን ደግሞ «ካሳ» እያለ ይተረጉም ነበር። እናቱ ካሳ የሚለውን ሲሰሙ ልጃቸው በአደጋ ተጎድቶ የተከፈለው ገንዘብ ያለ መስሏቸው ተደናገጡ፣ እኔ ጣልቃ ገብቼ ማስተካከል ነበረብኝ። ከሦስት የተለያዩ ክፍያዎች መካከል መለየት የሥራው ሁሉ መሠረት በሆነበት ቦታ፣ የስሞቹ መደበላለቅ ትንሽ ስሕተት አይደለም። አስተርጓሚ የምትጠቀሙ ከሆነ ስሞቹ ሳይተረጎሙ እንዳሉ እንዲነገሩ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ በሦስተኛው ቀጠሮ እንዲህ አድርገን ብዙ ቀሎናል። ሁለተኛው ጉድለት በመጨረሻ የተሰጠን የጽሑፍ ማጠቃለያ በእንግሊዝኛ ብቻ መሆኑ ነው፤ ስምንት ገጽ ነበር፣ ለእናቱ በሁለት ምሽት ቁጭ ብዬ ተርጉሜዋለሁ። ቀጠሮዎቹም 45 ደቂቃ ብቻ ናቸው፣ ሁለተኛው ደግሞ በጣም አስፈላጊ በሆነ ቦታ ላይ በሰዓት ምክንያት ተቋርጧል። የምክር ክፍሉ በር መስታወት ነው፤ በመተላለፊያው የሚያልፍ ሰው ሁሉ ፊታችንን ያያል፣ ስለ ሕመምና ስለ ገንዘብ ለሚነጋገሩ ሰዎች ይህ ሊታሰብበት ይገባ ነበር።

ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አምስተኛውን የያዝሁት ስለ መስታወቱ በር ሳይሆን ስለ ቋንቋው ነው፤ በሩን መጋረጃ ይሸፍነዋል፣ በስሕተት የተተረጎመ ስም ግን ሰውን ወደ ስሕተት ውሳኔ ይመራል።

ለመሄድ ለምታስቡ፦ አገልግሎቱ በዋናነት የሚያስተናግደው ክፍያ እያገኙ የሚሠሩትን ወይም ሥራ ሊጀምሩ የተዘጋጁትን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የሥራ ማበረታቻ ሕግ መሠረት ከተጀመረው ሥራ ጋር የተያያዘ በመሆኑ እጮኛዬ ባይሠራ ኖሮ ምናልባት ወደ ሌላ ቦታ ይመሩን ነበር። ቀጠሮ የሚይዘው ክፍያውን የሚያገኘው ሰው ራሱ ነው፣ እጮኛ በስሙ ደውላ መያዝ አትችልም፤ እኔ ሞክሬ በትሕትና መልሰውኛል። የመጀመሪያውን የውሳኔ ደብዳቤ፣ የቅርቡን የጭማሪ ደብዳቤ፣ የሦስት ወር የደመወዝ ደረሰኝና ገንዘቡ የገባበትን ቀን የሚያሳይ የባንክ መግለጫ ይዛችሁ ሂዱ። የሠርግ አዳራሽ ከመክፈላችሁ በፊት ሂዱ፤ እኛ ቅድሚያ ክፍያ ከፍለን ስለነበር ቀን ስንቀይር ከፊሉን አጥተናል።

የሠርጋችንን ቀን ገፍተነዋል። የእጮኛዬ ማመልከቻ በሦስተኛው ቀጠሮ፣ በነሐሴ ወር፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ተሞልቶ ተልኳል፤ የሞላው እሱ ራሱ ነው፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። «የጋብቻ ሁኔታ» የሚለው ጥያቄ ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ አየኝ፣ «ያላገባ» የሚለውን መረጠና ቀጠለ። መልሱን እየጠበቅን ነው። እስከዚያ በየወሩ ሁለተኛ ረቡዕ ገንዘቡ ሲገባ ይነግረኛል፣ የሰዓቱንም ሒሳብ አሁን በወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ አብረን እንሠራዋለን።